ረጅም መብራቱን አልቀንስ ያለ መኪና ሲመጣባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ጥያቄዬና የመጡልኝ 19 መልሶች

ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መነሻው ከሁለት ሳምንት በፊት የገጠመኝ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ለቅሶ ደርሼ ስመለስ መሸብኝ። ጫጫን ሳልፍ ጨልሟል። ሸኖ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ የጭነት መኪና ረጅም መብራቱን እንደለቀቀ ከፊት ለፊቴ መጣ። እኔ አጭሩ ላይ ነበርኩ። አንዴ ብልጭ አድርጌ ለመንኩት። አልቀነሰም። ደግሜ ለመንኩት። ጭራሽ!

አልፎኝ ሲሄድ ዓይኔ ላይ የቀረው ነጭ ነገር ብቻ ነው። መንገዱም መስመሩም ጠፋኝ። ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ። ዓይኔ ሲመለስልኝ ሁለት አህዮችና አንድ አዛውንት ከመኪናዬ ፊት ቆመዋል። ርቀቱ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ጠቆር ያለ ካፖርት ለብሰዋል፤ እጃቸውን ወደ ፊታቸው አንስተዋል። ወርጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው እሳቸው እኔን አይዞህ አሉኝ። አህዮቹን ነድተው ሄዱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ጻፍኩ። ሌላው መብራቱን አልቀንስ ሲል እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ስሜቱ እንዲገባው ረጅሙን መልቀቅ ነው? ወይስ ችሎ ማለፍ? እስከ ዛሬ 19 መልስ መጥቷል። እንደ አመጣጣቸው ልተርክላችሁ፤ አንዳንዱ ላይ ቆም እላለሁ፣ አንዳንዱን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

1ኛው መልስ የደግ ሰው ነው። እንኳን አተረፋችሁ ብሎ ጀመረ። እሱም ከሞጆ ወደ ዝዋይ በሚወስደው በአሮጌው መንገድ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። ሌሊት መንዳት ካቆመ ዓመት አልፎታል።

2ኛው የመጣው ለብዙ ዓመት መንጃ ፈቃድ ካሠለጠኑ አባት ነው። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። መልሳቸውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያ በረጅም መብራት መበቀልን አጥብቀው ከለከሉ። ሁለታችሁም ካላያችሁ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ዕውሮች ተላለፉ ማለት ነው፤ እሱ ተቀጣ ማለት አይደለም አሉ። ቀጥለው መደረግ ያለበትን ነገሩኝ። የሚመጣውን መብራት ትክ ብሎ ማየት አይገባም። ዓይንን ወደ ቀኙ የመንገድ ጠርዝ ማውረድ፣ ነጭ መስመር ካለ እሱን ይዞ መሄድ ነው። ከነዳጁ ላይ እግር የሚነሳው ደግሞ መብራቱ ገና ከሩቅ ሲታይ ነው። ዓይን ከጠፋ በኋላ ፍሬን መያዝ የረፈደ ነገር ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ዓይን ለመመለስ ሦስት ሰከንድ ከፈጀበት 66 ሜትር ያለ ዓይን ተነዳ። እድሜ ሲገፋ ደግሞ ዓይን ለመመለስ የበለጠ ይዘገያል አሉ፤ ስለ ራሳቸው ጭምር ነው የተናገሩት።

እኚህ አባት ብዙዎቻችን የምንረሳውን ሌላ ነገርም አነሱ። መብራት የሚቀነሰው ፊት ለፊት ለሚመጣ ብቻ አይደለም። ከኋላው ለምንከተለው መኪናም ነው። ረጅሙን ከኋላ ስንለቅበት በውስጥ መስታወቱና በጎኑ መስታወት፣ በስፖኪዮው ገብቶ ዓይኑን ይወጋዋል። ደግሞ በብዙ መኪኖች የውስጥ መስታወት ሥር ትንሽ እጀታ አለች። ገፋ ወይም ሳብ ስትደረግ መስታወቱ ያዘነብልና የኋላው ብርሃን ይደበዝዛል። እኔ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ። እጀታዋን አያታለሁ፤ ሥራዋን ግን አላውቅም ነበር።

3ኛው መልስ ቁጣ ነው። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ በግልጽ ነገረኝ። የማያየው ሰው መቆም አለበት፣ ፍጥነቴን ሳልቀንስ ስለሄድኩ ነው አዛውንቱ ላይ የደረስኩት አለ። በማታ መንዳት የማይችል ሰው ደብረ ብርሃን ይደር ሲልም ጨመረ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ደጋግሜ ሳስበው ግን ግማሹ እውነት ነው። አጭር መብራት የሚያሳየው 40 ወይም 50 ሜትር ያህል ነው። በምሄድበት ፍጥነት ለመቆም የሚያስፈልገኝ ርቀት ከዚያ ይበልጥ ነበር። አነጋገሩ ባይጥመኝም ቃሉን ወስጃለሁ።

4ኛው የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ውይይቱን የቀየረው እሱ ነው። ጭነት ሾፌር ሁሉ ክፉ ነው ተብሎ እንዲታሰብ አልፈለገም። ለምን እንደማይቀነስ አንድ በአንድ ዘረዘረ። አንዳንዱ መኪና አጭሩ ተቃጥሏል፤ ከቀነሰ ጭራሽ ጨለማ ነው። ባለንብረቱ አምፖል ግዛ ሲባል ነገ ይላል። ሌላው መብራቱ በጭቃና በአቧራ ተሸፍኗል። መተሐራና አዋሽ አካባቢ ደግሞ ግመል መንገድ ላይ ይቆማል። ቀለሙ ከመሬቱ አይለይም፤ እግሩ ረጅም ስለሆነ ሰውነቱ ከአጭሩ መብራት በላይ ነው የሚጀምረው። ሾፌሩ ያንን እየፈራ እጁን ረጅሙ ላይ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ምክንያት እንጂ ማመካኛ እንዳልሆነ ግን እሱ ራሱ ጨምሮ ጽፏል። የሚቀንስ ሰው ነው።

ቅሬታም ነበረው። የቤት መኪና ነጂዎች ለሲኖና ለከባድ መኪና መብራት አይቀንሱም። ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ አይጎዳውም ብለው ያስባሉ። ይጎዳዋል። የእሱ ዓይን ከጠፋ የሚንሸራተተው 40 ቶን ነው። ይህን ሳነብ አፈርኩ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

እሱው ማታ የግራ ፍሬቻ የሚያበራው የመኪናውን ወርድ ለማሳየት እንደሆነ አስረዳ። የቀኝ ፍሬቻ ደግሞ ከኋላ ላለው መንገዱ ክፍት ነው፣ ቅደም ማለት ነው። 5ኛው ይህን ፈጽሞ ሰምታ እንደማታውቅ ጻፈች። የግራ ፍሬቻ ስታይ መኪናው ሊታጠፍባት መስሏት ስንት ጊዜ እንደቆመች ተናገረች።

6ኛው ግን ነደደ። ወንድሙ የቀኝ ፍሬቻ አምኖ ሲቀድም ከፊት አይሱዙ መጥቶበታል። ነፍሱ ተርፋለች፤ አንድ እግሩ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ፍሬቻ መታጠፊያ ነው፣ ሌላ ቋንቋ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ አለው ለ4ኛው። ጠንከር ያለ ቃልም ተጠቀመ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም። 7ኛው መልስ ራሱ የጅቡቲው ሾፌር ነው። ለስድብ ስድብ አልመለሰም። ስለ ወንድሙ አዘነ። የቀኝ ፍሬቻ ደግነት እንደሆነ፣ መንገዱን አይቶ የሚወስነው ግን የሚቀድመው ሰው መሆኑን ጻፈ። እኔ ሁለቱንም ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ በሰው ፍሬቻ አልቀድምም። ራሴ ካላየሁ እከተላለሁ፤ ዘገየሁ እንጂ ሌላ ምን ይመጣል?

8ኛው መልስ ላይ ቆም ልበል፤ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወጣት ነው የጻፈው። እሱ እንደሚለው ዓይን የሚወጋው መብራት ሁሉ ረጅም አይደለም። አጭሩ ላይ ሆኖም የሚያሳውር መኪና ሞልቷል። አንደኛው ምክንያት ለሃሎጅን፣ ማለትም ለተለመደው ባለ ክር አምፖል በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ የሚገባው ኤልኢዲ ነው። በብዙ ኮሮላና ቪትዝ ላይ የምናየው አምፖል ኤች 4 ይባላል። አንድ አምፖል ሆኖ ሁለት ክር አለው፤ ረጅሙ 60 ዋት፣ አጭሩ 55 ዋት ነው። ከአጭሩ ክር ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ አለች። ወደ ላይ የሚወጣውን ብርሃን የምትጋርደው እሷ ናት። ከአምፖሉ ኋላ ያለው አንጸባራቂ የተሠራው ለዚያች ክር ቦታ ነው። ኤልኢዲው ሲገባ ብርሃኑ ከዚያ ቦታ ትንሽ ፈንጠር ካለ አንጸባራቂው ወዳልተፈለገበት ይረጨዋል። ለነጂው ደምቆ ይታየዋል። ለሚመጣው ሰው ግን ረጅም መብራት ማለት ነው። ደንበኞች ነጩን ይፈልጋሉ፣ እኛም እንገጥማለን፣ እውነቱን መናገር አለብኝ አለ። ይህን በማለቱ አከበርኩት።

ሁለተኛው ምክንያት ጭነት ነው። ከኋላ አምስት ኩንታል ጤፍ ሲጫን የመኪናው አፍንጫ ይነሳል፤ መብራቱም አብሮ ይነሳል። በአንዳንድ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት ትንሽ ጎማ አለች። ጭነት ሲኖር መብራቱን ዝቅ የምታደርገው እሷ ናት። ሦስተኛው ደግሞ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ መኪኖች ናቸው። በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ አጭር መብራት ወደ ግራ ጠርዝ ከፍ ብሎ ነው የሚያበራው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ ከፍታ ያለው ብርሃን ከፊት የሚመጣው ሰው ፊት ላይ ያርፋል። መሪው ሲቀየር መብራቱ ካልተቀየረ ሥራው አላለቀም።

መፈተኛም ሰጠን። ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ አምስት ሜትር ርቆ መቆም። አጭሩን ማብራት። ግድግዳው ላይ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመኪናው መብራት ቁመት አምስት ሳንቲም ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ሁለቱም ጎን እኩል መሆን አለበት።

9ኛው መልስ የራሴ ነው። ያንኑ ምሽት ግቢያችን ግድግዳ ላይ ሞከርኩት። ግራው ደህና ነው። ቀኙ ከግራው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ አረፈ። ከሦስት ወር በፊት አምፖሉን ያስቀየርኩበት ነው። ስከፍተው አምፖሉ ቦታው ላይ በደንብ አልተቀመጠም። ሦስት ወር ሙሉ የሰው ዓይን ላይ እያበራሁ ስነዳ ቆይቻለሁ ማለት ነው። ስንት ሰው ብልጭ ብልጭ እያደረገ ለምኖኝ ይሆን? ጥቂቶቹን አስታውሳለሁ። አጭሩ ላይ ነኝ፣ ይሄ ሰው ምን ሆነ እያልኩ አልፌያቸዋለሁ። ይህን ሳልደብቅ ጻፍኩት።

10ኛው ከሜሪላንድ ነው። እዚያ የመስታወት መጥረጊያ ከሠራ የፊት መብራት መብራት እንዳለበት ሕጉ ያዛል። ረጅሙ ደግሞ 500 ጫማ፣ ወደ 150 ሜትር ርቀት ላይ ይቀነሳል። 11ኛው አሜሪካን እዚህ አታምጣብን ብሎ ቁጭ አለ። የእኛ መንገድ መስመሩ የጠፋ፣ ዳሩ የተሸረሸረ፣ ከብትና ጋሪ አብሮ የሚሄድበት እንደሆነ አስታወሰው። ትክክል ነው፤ ያ ግን መብራትን ለመቀነስ የበለጠ ምክንያት እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። 12ኛዋ ከእስራኤል ናት። ከከተማ ውጭ ባለ መንገድ ላይ ከኅዳር እስከ መጋቢት በቀንም መብራት ማብራት ግዴታ እንደሆነ ነገረችን። ስዊድንማ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ በቀን ማብራት ግዴታ ነው አለች። መጀመሪያ እንግዳ ሆኖባት ነበር፤ አሁን ያላበራ መኪና ስታይ ይጨንቃታል።

13ኛው ስሌት ይወዳል። የሜሪላንዱን 150 ሜትር ወሰደ። ሁለት መኪኖች በየበኩላቸው በ80 ቢመጡ በሰከንድ 44 ሜትር ይቀራረባሉ። 150 ሜትሩ አራት ሰከንድ አይሞላም። ስለዚህ የእሱ ልማድ ከዚያ እጥፍ ርቀት ላይ፣ ሌላው ሳይጠይቀው ቀድሞ መቀነስ ነው። አብዛኛው ሰው ተቀንሶለት ሲያይ ይቀንሳል ይላል። ወደ ጠመዝማዛ ሲገባም የሚመጣው መኪና ብርሃን ዛፉ ላይ ወይም ገደሉ ላይ ሲታይ ነው እጁን የሚያነሳው። መኪናውን እስኪያይ አይጠብቅም።

14ኛው መልስ ውይይቱን ወደ ሌላ ወሰደው። ትራፊክ ፖሊስ ከፊት ሲኖር ብልጭ አድርጎ መንገር ደግነት ነው ወይስ ጥፋት? እሱ ደግነት ነው ባይ ነው፣ ሾፌር ለሾፌር ካልደረሰ ማን ይደርሳል አለ። 15ኛው እንደ እሳት ነደደበት። አንድ ምሽት የጠጣ ሰው በእንዲህ ዓይነት ብልጭታ ተነግሮት ከፍተሻ ቢያመልጥ፣ አንድ ሚኒባስ ትርፍ ጭኖ ወደ ሌላ መንገድ ቢታጠፍ ተጠያቂው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። እኔ ለዓመታት ብልጭ አድርጌያለሁ። ምስጋናውም ደስ ይለኝ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አጣሁ። ደግሞም ብልጭታ በእኛ አገር ስንት ትርጉም አለው? እለፍ ነው፣ አትምጣ ነው፣ ትራፊክ አለ ነው፣ መብራትህን ቀንስ ነው፣ ሰላም ነው። አንዱ እለፍ ብሎ ሲልክ ሌላው አትምጣ ብሎ ከተቀበለ አይጋጭም። የተገላቢጦሽ ከሆነ ግን ይጋጫል።

16ኛው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የኮሪደር መንገዶቹ በጣም ስለሚበሩ ሰው መብራቱን ሳያበራ ቦሌን ጨርሶ እንደሚወጣ ታዝቧል። መንገዱ ስለሚታየው የበራ ይመስለዋል። በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ደግሞ ይብሳል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በዝተዋል። በብዙዎቹ ፊት ለፊት የቀን መብራቱ ራሱ ይበራል፣ ዳሽቦርዱም ሁሌ ብሩህ ነው። ኋላው ግን ጨለማ ነው። ማብሪያው አውቶ ላይ መሆኑን በየምሽቱ እንድናይ ለመነ።

17ኛው ስለ ጣርማ በር ጉም ጻፈ። ደብረ ሲና ለመውረድ ዋሻው አካባቢ ጉሙ ሲወርድ ሰው ረጅሙን ይለቃል። ጉም ግን የውሃ ጠብታ ነው፤ ረጅሙን መልሶ ፊታችን ላይ ያደርገዋል፣ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። አጭሩና ዝቅ ብሎ የተገጠመው የጉም መብራት ይሻላል። በዚያው ላይ አራቱን ፍሬቻ እያበሩ መንዳትን ነቀፈ፣ መታጠፊያው ከማቆሚያው አይለይም ብሎ። አንድ ዓይኑ የጠፋ መኪናንም አነሳ። ከሩቅ ሞተር ሳይክል ይመስላል፤ በተለይ የቀረው የቀኙ ብቻ ከሆነ። እሱ አንዴ ሞተር ነው ብሎ ወደ መሃል ጠጋ ብሏል፤ የሆነውን ሁሉ አልጻፈም።

18ኛው መልስ ሲመጣ ውይይቱ ዝም አለ። የጻፈችው አለልቱ አካባቢ ያደገች ልጅ ናት። መኪና የላትም። አባቷ እስከ ዛሬ ገበያ ውለው ማታ በዚያው መንገድ ዳር አህያ ነድተው ይመለሳሉ። አስራ ሰባት መልስ አንብባ አንድም ሰው ስለ እግረኛ ዓይን አለማንሳቱ እንደገረማት ጻፈች። ረጅም መብራት ሲለቀቅበት እግረኛውም አያይም። ቦዩ የት እንደሆነ፣ አስፋልቱ የት እንደሚያልቅ ይጠፋዋል። አህያዋም ትደነግጥና ወደ መንገዱ መሃል ትገባለች። አባቷ መኪና ሲመጣ የሚያደርጉት ነገር ቆመው ዓይናቸውን በክንዳቸው መሸፈን ነው። ነጂው እግረኛ አይቶ መብራት ሲቀንስ አይታ እንደማታውቅ ነው የጻፈችው። እኔም ቀንሼ አላውቅም። ለመኪና ነው የምቀንሰው፣ ለሰው ቀንሼ አላውቅም። እኚያ አዛውንት እጃቸውን ወደ ፊታቸው አንስተው የቆሙት ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ልጅቷ በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀች። በጭነት መኪና ጎን ላይ የሚለጠፈው አንጸባራቂ ቴፕ በአባቷ አህዮች የጭነት መደላድል ላይ መለጠፍ ይቻል እንደሆነ፣ ከየት እንደሚገኝም።

19ኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ በሜትር እየተቆረጠ እንደሚሸጥ ነገራት። ማጣበቂያው ሸራና ጆንያ ላይ አይቆይም፣ ዝናብ ያነሳዋል፤ ስለዚህ ዳር ዳሩን በመርፌ መስፋት እንደሚሻል አስረዳ። ከኋላም ከጎንም ይሁን አለ። ለአባቷ ካፖርት ደግሞ ጀርባው ላይና እጅጌው ላይ አንድ አንድ ክንድ ይበቃል። እሱ ጋ የተራረፈ ስላለ ያለ ክፍያ እንደሚሰጣት ጻፈ።

እኔም ትናንት ሶማሌ ተራ ሄጄ ስድስት ሜትር ገዛሁ። ለአርባው ወደ ደብረ ብርሃን እመለሳለሁ። በዚህኛው ጉዞ በቀን ነው የምነዳው። ሸኖ አካባቢ ወርጄ ሁለት አህያ ያላቸውን፣ ጠቆር ያለ ካፖርት የሚለብሱትን አባት እጠይቃለሁ። ካላገኘኋቸው ቴፑን መጀመሪያ ላገኘሁት አህያ ነጂ እሰጣለሁ። መርፌና ክሩንም ይዣለሁ።